መንካት የተፈቀደበት ቤት

ልጆቹ ተኝተዋል። እናቴም ክፍሏ ገብታ ጋደም ብላለች። እኔ ግን የዛሬው ውሏችን ሳይደበዝዝብኝ ልጽፈው ስለፈለግሁ ደብተሬን ይዤ ተቀምጫለሁ። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመቷ ልጃችን፣ የ5 ዓመቱ ወንድሟና እኔ ቀኑን ያሳለፍነው፣ የተቀመጠው ዕቃ ሁሉ የሚነካበት፣ የሚገፋበትና የሚሽከረከርበት የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ትንሹ ልጄ በሩን ያለፈው እጆቹን ከጀርባው አቆላልፎ ነበር። ማንም ይህን አድርግ አላለውም። ከወራት በፊት ወደ አንድ የጥንታዊ ዕቃዎች ሙዚየም ወስደነው፣ እኔና እናቱ እየተፈራረቅን «አትንካ» ስንለው ስለዋልን፣ ሙዚየም ማለት እጅ ታስሮ የሚኬድበት ቦታ ነው ብሎ ደምድሞ ኖሯል። የተጣመሩትን ትንንሽ እጆቹን ሳይ አንጀቴን በሉት። ከሁላችንም ቀድማ የነካችው እናቴ ናት። መግቢያው አጠገብ ከተተከለ ቱቦ ሽቅብ በሚነፍስ ብርቱ አየር ላይ የምትንሳፈፍ ትልቅ ኳስ ነበረች፤ እናቴ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጎን ሳበቻትና ለቀቀቻት። ኳሷ ትንሽ ተወዛውዛ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። «ና የኔ ጌታ፣ አንተም ሞክራት» አለችው። እሱም መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እናቱን አየና እጆቹን ፈታ።

ኳሷ ዘንድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየን። ቱቦው ወደ ጎን ሲያዘነብል ኳሷ አብራው ታዘነብላለች እንጂ ወዲያው አትወድቅም። በፍጥነት የሚወጣው አየር የኳሷን ክብ ገላ ተከትሎ ይታጠፋል፤ ኳሷ ከነፋሱ መሐል ልትወጣ ባለች ቁጥር አየሩን ወደ ውጭ ታጥፈዋለች፣ በዚያው ልክም እሷ ወደ መሐል ትገፋለች። ልጄ ይህን አያውቅም፤ ለጊዜውም አላስፈለገውም። የእሱ ጥያቄ ኳሷ እስከ ምን ድረስ ትችላለች የሚል ነበርና፣ ቱቦውን ጥቂት በጥቂት እያዘነበለ፣ የምትወድቅበትን ልክ እየፈለገ፣ ስትወድቅም ሮጦ እያነሳ ከመጀመሪያው ይጀምር ነበር። ሲሰለቸኝ እንኳ እሱ አልሰለቸውም።

ባለቤቴ «ሌላው ሁሉ መቼ ሊታይ ነው?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ ድሮ ቢሆን እኔ ራሴ እጁን ይዤ ወደ ቀጣዩ እጎትተው ነበር። ነገር ግን ሁሉን አዳርሶ የማየት ጉጉት ቤተሰብን እንዴት እንደሚያደክም ከዚህ ቀደም በነበሩን ጉብኝቶች በሚገባ ቀምሰነዋል። ይህ ድካም የራሱ ስም ያለው የቆየ ጉዳይ ነው፤ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይሠሩ የነበሩት ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን፣ አንድ ጎብኚ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ለማየት ስንት ጊዜ እንደሚያጎነብስና እንደሚንጠራራ በፎቶግራፍ አስነስተው እ.ኤ.አ. በ1916 «የሙዚየም ድካም» በሚል ርእስ ጽፈዋል። እኔ በበኩሌ ከዚያ ድካም ግማሹ የሚመጣው ከመጎንበሱ ሳይሆን ከመጣደፉ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዛሬ በጠቅላላው ያየነው ስምንት ወይም ዘጠኝ ነገር ቢሆን ነው፤ በቂያችን ነበር።

የበለጠ ልጽፍበት የምፈልገው ግን የልጄ የትልቋ ነገር ነው። ንባብ ይከብዳታል። ፊደላቱ እየተዟዟሩባት፣ ሌሎች ልጆች በደቂቃ የሚጨርሱትን ገጽ እሷ ላብ እያጠመቃት ነው የምትወጣው። እኔም በየሙዚየሙ ከየዕቃው አጠገብ የተለጠፈውን ጽሑፍ ከፍ ባለ ድምፅ ማንበብና ከራሴም ጨምሬ ማብራራት ግዴታዬ አድርጌ ይዤው ኖሬአለሁ። እሷ የምታጣውን እየሞላሁላት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አንድ የሚሽከረከር ወንበርና ሁለት እጀታ የተገጠመለት የብስክሌት ጎማ የተቀመጡበት ቦታ ስንደርስ፣ እንደ ልማዴ መግለጫውን ማንበብ ጀመርሁ፤ በፍጥነት የሚሽከረከርን አካል ዘንግ ማዘንበል ለምን እንደሚያስቸግርና ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ለምን ዞሮ እንደሚሄድ የሚያስረዳ ረጅም ጽሑፍ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ዞር ብል ልጄ የለችም። ወንበሩ ባዶውን፣ ጎማውም እንደተሰቀለ ነበር።

ቅር ብሎኝ ከወንድሟ ጋር ወደ ሌላ ጥግ ሄድሁ። ትንሽ ቆይቼ ስመለከት እናቷን አስከትላ ወደ ወንበሩ ተመልሳለች። ባለቤቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ጎማውን በኃይል አሽከርክራ አስያዘቻትና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ልጄ ጎማውን ወደ ግራ ስታዘነብል ወንበሩ ራሱ መዞር ጀመረ። ደንግጣ ቀጥ አደረገችው፣ ወንበሩም ቆመ። ወደ ቀኝ ስታዘነብለው በተቃራኒው ዞረ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ፊቷን ለመግለጽ ቃል አላገኝም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ደግማ ደጋግማ ሞከረች፤ ቀጥላም አያቷን ጠርታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻትና «እጅሽን ቀጥ አድርጊ፤ በጣም አትፍጠኚ፤ ቀስ ብለሽ አዘንብዪው» እያለች ማስተማር ያዘች። እናቴ ስትዞር በሳቅ እንባዋ ፈሰሰ። መግለጫው ላይ የነበረው ፍሬ ነገር ሁሉ በልጄ እጅ ውስጥ ነበር፤ ከጽሑፉ አንድም ቃል ሳትወስድ።

በዚያች ሰዓት ትዝ ያሉኝ ማይክል ስፖክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቦስተን የሕፃናት ሙዚየም ዳይሬክተር የሆኑት እኚህ ሰው፣ እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው የንባብ ችግር የነበረባቸው ነበሩ። ኤግዚቢሽኖቻቸው ዕቃዎቹን ከመስታወት ሣጥን አውጥተው ለልጆች እጅ የሰጡ ነበሩ፤ የየዕለቱ ዕቃዎች ለሁለት ተሰንጥቀው ሆዳቸው እንዲታይ የተደረገበት «ውስጡ ምን አለ?» የተሰኘ ዝግጅትም ነበራቸው። የሕፃናት ሙዚየም የሚባለው ነገር እ.ኤ.አ. በ1899 በብሩክሊን ከተጀመረ ያን ጊዜ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ፊደል እምቢ ያለው ልጅ በእጁ መማር እንደሚችል ከራሱ ሕይወት የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ምን ሊለወጥ እንደሚችል የተረዳሁት ዛሬ ልጄን በዚያ ወንበር ላይ ሳያት ነው። ስለ ስፖክ ያነበብሁት ከብዙ ጊዜ በፊት ነበር፤ ከልጄ ጋር አላገናኘሁትም ነበር።

ከአዳራሹ በስተቀኝ፣ ዕቃዎቹ የሚሠሩበትና የሚጠገኑበት ክፍል በመስታወት ወለል ብሎ ይታያል። አንዲት ሴት የእንጨት ሳጥን ስትልግ ልጆቹ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ተመለከቱ። ሥራ ቤትን ለጎብኚ ክፍት የማድረግ ልማድ ኤክስፕሎራቶሪየም ከተባለው የአሜሪካ የሳይንስ ሙዚየም ጋር በእጅጉ የተያያዘ ነው። ያንን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1969 በሳን ፍራንሲስኮ የመሠረቱት የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፐንሃይመር፣ የአቶሚክ ቦምቡን ምርምር የመሩት የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም ናቸው። በፖለቲካ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1949 የዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን አጥተው በኮሎራዶ ለዓመታት ከብት ሲያረቡ ኖረዋል፤ ወደ ማስተማር የተመለሱትም በዚያው አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኩል ነው። ከተራ ዕቃ ሙከራ መሥራት የሚችል መምህር ዕድሉን ሲያገኝ አንድ ትልቅ አዳራሽ ሙሉ ሠራ። ከተቀጣሪዎቻቸው መካከል ተማሪ ወጣቶች ነበሩ፤ እነዚህ ወጣቶች እየተዘዋወሩ ጎብኚዎችን ያነጋግራሉ። ማንም ሰው በሙዚየም ፈተና ወድቆ አያውቅም የሚለው አባባላቸው፣ በየሳምንቱ በፈተና ውጤቷ አንገቷን ደፍታ ለምትመጣ ልጅ አባት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ሁሉም ነገር ግን ያማረ አልነበረም። ፎቅ ላይ ያለው ክፍል በአብዛኛው ስክሪን ነው። ጣት ሲያርፍበት ፊልም የሚከፍት ስክሪን «በእጅ የሚሞከር» ተብሎ መጠራቱ ልክ አይመስለኝም፤ መልሱ አስቀድሞ ተቀርጿል፣ ልጁ የሚጨምርበትም የሚያበላሸውም ነገር የለም። ልጆቼ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጥለውት ወረዱ። ሁለት ዕቃዎች ደግሞ ተበላሽተው ወረቀት ተለጥፎባቸው ነበር፤ ትንሹ በአንደኛው ምክንያት አልቅሷል። ሺህ እጅ በየቀኑ የሚነካው ነገር መሰበሩ ግን አይቀርም፤ የሚያስፈልገው ያቺ እንጨት የምትልግ ሴት በየዕለቱ መኖሯ ነው።

ለዕረፍት ስንቀመጥ ሌላ ቦታ ያለ አንድ ሙዚየም ለልጆቹ ተረክሁላቸው፤ በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ቦብ ካሲሊ የተባሉ ቀራፂ የቀድሞ የጫማ ኩባንያ ሕንፃ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የከፈቱትን ሲቲ ሙዚየም። ጫማ ከፎቅ ወደ ምድር ይንሸራተትበት የነበረው ጠመዝማዛ መውረጃ ዛሬ ሰው ይንሸራተትበታል፤ አንደኛው መንሸራተቻ አሥር ፎቅ ያህል ከፍታ አለው፤ ጣራው ጫፍ ላይም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ግማሽ አካሉ አየር ላይ ሆኖ ተቀምጧል። ትንሹ «ጫማ ብንሆን ኖሮ ድሮ እንንሸራተት ነበር» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ወደ ጥላ ክፍሉ ገባን። ግድግዳው ብርሃን ውጦ ቆይቶ ቀስ በቀስ በሚተፋ ቀለም ተቀብቷል፤ ደማቅ ብልጭታ ሲበራ ግድግዳው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ፣ ሰው የቆመበት ቦታ ብርሃን ስላልደረሰው ብቻ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። እናቴና ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ፤ ብልጭታው በራ፤ ዘወር ሲሉ ሦስቱ ጥላዎች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ግድግዳው ላይ ነበሩ። «እኛ ሄደን እነሱ ቀሩ» አለ ትንሹ። ጥላዎቹ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆነው እስኪጠፉ ድረስ ቆመን ጠበቅን። እናቴ የልጁን እጅ አልለቀቀችም፤ እኔም ማብራራት እየቻልሁ ዝም አልሁ።

ልንወጣ ስንል ልጄ ትልቋ እጄን ይዛ ወደ ረጅሙ አዳራሽ ወሰደችኝ። በአዳራሹ ሁለት ጫፎች፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች ፊት ለፊት ተተክለዋል። የሳህኑ ቅርጽ፣ ከፊቱ ባለች አንዲት ነጥብ ላይ የተነገረን ድምፅ ሰብስቦ ሳይበታተን ቀጥ አድርጎ ይልካል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ የመጣለትን በራሱ ነጥብ ላይ መልሶ ያጠራቅመዋል። ነጥቧን የሚያሳይ የብረት ቀለበት አለ። «አንተ እዚህ ሁን» ብላ ጆሮዬን ከቀለበቱ አጠገብ አስተካክላ እየሮጠች ወደ ማዶ ሄደች። በመሐላችን ብዙ ሰው ይተላለፋል፣ ልጆች ይጮኻሉ፣ እሷም በሩቁ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትንሽ ሆና ትታየኛለች። እንደ ልማዴ አፌን ከፍቼ ድምፅ እንዴት እንደሚጓዝ ልነግራት ስጀምር፣ ሹክሹክታዋ ጆሮዬ ሥር የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ መጣ።

«አባዬ፣ አሁን ምንም አትንገረኝ፤ ስማኝ ብቻ።»

ከዚያም ስለ ትምህርት ቤቷ ነገረችኝ። በወራት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስጠይቃት «ምንም» እያለች ያለፈችውን፣ ጮክ ብላ እንድታነብ ስትጠራ ምን እንደሚሰማት፣ ከኋላዋ የሚስቁት እነማን እንደሆኑ፣ አንዷ ጓደኛዋ ግን ገጹን በጣቷ እንደምታሳያት፣ ሁሉንም ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ለግድግዳው ነገረችው፤ ግድግዳውም ለእኔ አደረሰልኝ። ጆሮዬን ከቀለበቱ አልነቀልሁም። ስትጨርስ ዞር ብላ በአዳራሹ ርዝመት አየችኝ፤ እኔም እጄን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።