ሳንጋባ አብረን እየኖርን ልጁን በታክስ ማን ያስገባ?

እኔና የልጄ አባት ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ቤት እንኖራለን። ጋብቻ አልፈረምንም። እንደኛ የሚኖር ሐበሻ ብዙ ነው፤ ታክስ ሲደርስ ግን ደፍሮ የሚያወራበት የለም። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ በ2024 ያን ያህል አልናደድም ነበር።

ሕጉ ቀላል ነው። ያልተጋቡ ሰዎች አንድ ላይ ፋይል አያደርጉም። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ከሁለቱም ጋር ከኖረ አንዱ ብቻ በእኔ ሥር የሚተዳደር ልጅ ነው ብሎ ፋይሉ ላይ ያስገባዋል፤ ማን እንደሆነ ተስማምተው ይወስናሉ። ሁለቱም ካስገቡት ግን አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) ገቢው ለሚበልጠው ይሰጣል። እኛ ለእኔ ይሁን አልን። ከኪራዩ፣ ከመብራቱና ከአስቤዛው ከግማሽ በላይ የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ "ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ"፣ ማለት የቤት አስተዳዳሪ፣ ብዬ መሙላት እችላለሁ። በ2023 ገቢ ላይ ታክስ የማይነካው 20,800 ዶላር ይሆንልኛል፤ ነጠላ ብዬ ብሞላ 13,850 ነበር። የልጁ ክሬዲት፣ ማለት ከታክሱ ላይ የሚቀነሰው፣ ደግሞ እስከ 2,000።

ሞልቼ በኮምፒውተር ላክሁ። ተመለሰ። የልጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሌላ ፋይል ላይ ገብቷል ይላል።

የገባው አባቱ ፋይል ላይ ነው። ታክሱን የሠራለት ሰው የአገራችን ልጅ ነው። አባቱ "ዘንድሮ ልጁን እሷ ናት የምታስገባው" ብሎ ነግሮታል። ሰውየው ግን የልጁን ቁጥር ከዓምናው ፋይል ገልብጦ አስገባው። አባቱንም ሳይጠይቅ "ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ" አደረገው። ማታ የፊርማውን ገጽ በስልክ ላከለት። ያ ገጽ፣ ፎርም 8879፣ የገቢና የሪፈንድ ቁጥር እንጂ የልጅ ስም የለበትም። አይቶ ምን ሊያውቅ ነው?

ለታክስ ሠሪው ደወልኩለት። "እህቴ፣ ልጁ የሚጠራው በአባቱ ስም አይደል? ታዲያ የማን ሊሆን ነው?" አለኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እኛ አገር ልጅ በአባቱ ስም መጠራቱ ከታክስ ጋር ምን አገናኘው? ልጁ የኖረው ከማን ጋር ነው፣ ቤቱን ያስተዳደረው ማን ነው፣ የሚጠየቀው ይኸው ነው። አስተካክልልን ስንለው ሌላ ክፍያ ጠየቀ። ትተነው ማረሚያውን ፎርም 1040-ኤክስ ራሳችን ሞላን፤ አባቱም ያላግባብ ያገኘውን ገንዘብ ለአይአርኤስ ከነወለዱ መለሰ። የእኔ በወረቀት፣ በፖስታ ሄደ። ሪፈንዱን ወራት ጠበቅሁት።

በኋላ ሲፒ87ኤ የሚባል ደብዳቤ መጣ። ልጁን ሌላ ሰውም አስገብቶታል፤ ትክክለኛዋ አንቺ ከሆንሽ ምንም አታድርጊ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። መልስ አትላኩ እሺ፤ ማስረጃ ግን ያኔውኑ ሰብስቡ። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጀመሪያ የመጣልኝ በአባቱ ስም ብቻ ነበር። የልጁ መጠሪያና የእኔ መጠሪያ ስለማይገጥም እናቱ መሆኔ ከወረቀቱ አይታወቅም። የእኔን ስም፣ አድራሻችንንና ዓመቱን ጨምረው እንዲጽፉ አደረግሁ። የልደት ሰርተፊኬቱን አብሬ አስቀመጥኩ።

አይፒ ፒን የሚባለውን፣ ሌላ ሰው በስማችሁ ፋይል እንዳያደርግ አይአርኤስ የሚሰጠውን የሚስጥር ቁጥር፣ መሥሪያ ቤቱ በፈቃደኝነት ነው ይላል። እኔ ግዴታ አድርጉት እላለሁ። ከ2025 የታክስ ወቅት ጀምሮ ያ ቁጥር ካላችሁ፣ ልጁ ቀድሞ ሌላ ቦታ ቢገባም በኮምፒውተር የላካችሁትን ይቀበላሉ። እንደኔ ፖስታ ቤት አትመላለሱም።

"ልጁን አንዱ፣ የዴይኬሩን ክሬዲት ሌላው ይውሰድ" የሚላችሁን አትስሙ። አብረው ለሚኖሩ ወላጆች አይከፋፈልም፤ አንዱ ወላጅ ልጁን የማስገባት መብቱን ለሌላው የሚለቅበት ፎርም 8332 ተለያይተው ለሚኖሩ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ሙሉውን ፋይል አሳየን በሉ፤ የልጅ ስም ያለበትን ገጽ ፈልጉ። ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለባችሁ። እዚያ ባልና ሚስት ነን ተባብላችሁ፣ በሰው ፊትም እንደዚያው ሆናችሁ ከኖራችሁ፣ ሳትፈርሙም ሕጉ እንደተጋባ ሊቆጥራችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ነጠላ ብሎ መሙላት አይቻልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አጣሩ።