«ሚስ፣ እኔስ?»

በመዋዕለ ሕፃናት ማስተማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ልጁን አቡሽ እንበለው። አምስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ጆሮውን ይዞ ይሮጣል። ሹራቡን «ይበላኛል» እያለ አውልቆ ይጥላል። ፍርፍር ጣቱን ከነካው ያቅለሸልሸዋል። እኛ «ሞልቃቃ ነው» ብለን ደመደምን።

አንድ ቀን ደወል ሲጮህ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። እጄን ነከሰኝ።

እናቱን አስጠራሁ። ገና ሳልጨርስ አለቀሰች። «ቤትም እንደዚሁ ነው። ፀጉሩን የምናስቆርጠው ለሁለት ይዘነው ነው» አለች። ስንት ጊዜ ገርፋው እንደምታውቅ ስትነግረኝ ድምፅዋ ተቆራረጠ።

በኋላ ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ማለትም የዕለት ተዕለት ነገሮች የሚከብዷቸውን ሰዎች ወደምትረዳ የጤና ባለሙያ ወሰደችው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ባለሙያዋ በቀላሉ አስረዳችን። ጆሮውም ቆዳውም ጤነኛ ናቸው። አእምሮው ግን የሚመጣለትን ድምፅና ንክኪ መመጠን ያቅተዋል። ለእኛ ተራ የሆነው ደወል ለእሱ ሕመም ነው። ነገሩን ቀድመው ካጠኑት አንዷ አሜሪካዊቷ ጂን ኤርስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፍ ጽፈውበታል። እናቱ «ኦቲዝም ነው?» ብላ ጠየቀች። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ ይታያል፤ ይህ የታየበት ልጅ ሁሉ ግን ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ወላጅ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ፍርሃቱ ብቻውን ስንቱን ከምርመራ ያስቀራል።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ጸጸቱ ስለከበደኝ ሁሉን ነገር ፈቀድኩለት። የሌላ ልጅ ዳቦ ሲነጥቅ «ተዉት» እላለሁ። ሲገፋ «አይችልም እኮ» እላለሁ። አንድ ጠዋት ደወሉ ጮኸና አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ በእንጨት ኩብ ግንባሯን መታት። ሮጬ ያቀፍኩት እሱን ነው። እሷ ግንባሯን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሚስ፣ እኔስ?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባለሙያዋ ጋር ተመለስኩ። ከቁምሳጥኑ ጀርባ ጥግ አዘጋጀንለት፤ ከቤት የመጣ ጋቢ አስቀመጥን። ጥብቅ አድርጎ ሲጠቀለልበት ሰውነቱ ይረጋጋል። ሰልፍ ላይ ከድምፅ ማጉያው ርቆ ከኋላ ይቆማል። ደወል ሊደወል ሲል ቀድሜ እነግረዋለሁ። ከዚህ ጋር አንድ የማይነቃነቅ ሕግ ተከልን፦ «ጆሮህን መያዝ ትችላለህ። ጥግህ መግባት ትችላለህ። ሰው መምታት አይቻልም።» ቃሉን አልቀያይርም፤ አልጮህም። ድምፁ ረብሾት እያለቀሰ ሳለም አልመክረውም፤ ያኔ አይሰማኝም። እጁን ይዤ ምቱን ብቻ እከለክላለሁ። ምክሩ ጋቢው ውስጥ ተረጋግቶ ሲወጣ ነው። ከዚያ የመታውን ልጅ ሄዶ ያያል፤ ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ጨርቅ ያመጣለታል።

ሁለት ሳምንት ከባድ ነበር። ኩብ ሰብስቡ ስል ወደ ጥጉ መሮጥ ጀመረ። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው፤ የሚረብሸው ነገር የለም። «ሰብስበህ ትገባለህ» አልኩት። አለቀሰ። ሆዴ ባባ፤ ግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አንድ፣ ሁለት እያለ ሰበሰበ።

ሰኔ መግቢያ ላይ በረዶ ጣለ። የክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ መደማመጥ አልተቻለም። ልጆቹ ጮኹ። አቡሽ ጆሮውን ይዞ ተነሳ፣ ማንንም ሳይነካ ጥጉ ገባ፣ ጋቢውን ተከናነበ። ያቺ የመታት ልጅ ተከትላው ሄደች። እሷም ፈርታለች።

«ልግባ?» አለችው።

ከጋቢው ሥር ትንሽ ዝም አለ።

«እንዳትነኪኝ» አላት። «ግን ግቢ።»