ከአጥንቱ በፊት ሣሩን ሰበሰብኩ

በመንዝና በይፋት ያሉትን የድንጋይ ክምር መቃብሮች ያቆመው ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ጽሑፍ ያልተወልን ሕዝብ ነው። አርኪዮሎጂስቶች የሻይ ባህል ይሉታል። አንድ ክምር ሥር ብዙ ሰው አብሮ ተቀብሮ ሲገኝ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ለምን ነበሩ? ወንድማማች? ጎረቤት? ከሩቅ የመጣች ሙሽራ አለችበት? ይህን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን ትንሽ ነው።

ዲኤንኤ ማን ከማን እንደተወለደ ያሳያል፤ የት እንዳደገ ግን አይነግርም። የጥርስ ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የላይኛው ሽፋን፣ ይነግራል። በልጅነት አንዴ ከተሠራ አይታደስም፤ ስትሮንቲየም የተባለው ንጥረ ነገር ከአለት ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ልጁ ጥርስ ገብቶ እዚያው ይቀራል። በክብደት የሚለያዩት ሁለቱ ዓይነቶቹ (አይሶቶፖቹ)፣ የስትሮንቲየም 87 እና 86፣ ምጣኔ ደግሞ እንደ አለቱ ዓይነትና ዕድሜ ይለያያል። ጥርስ አንዴ ለናሙና ከተቦረቦረ አይመለስምና መጀመሪያ የአገሩን ምጣኔ ለማወቅ ዕፅዋት መሰብሰብ ጀመርኩ።

ከእርሻ ማሳ ምንም አልወሰድኩም፤ ማዳበሪያ የሌላ አገር ስትሮንቲየም ይዞ ይመጣል። የጓሳ ሣር፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የወይራና የጽድ ቅጠል፣ ከዚያ የጀማን ገደል ቁልቁል እየወረድኩ በየአለቱ ላይ የበቀለውን ለቀምኩ። በወረቀት ከረጢት ነው የያዝኩት፤ በፌስታል ይሻግታል።

የተማርኩት ትልቁ ነገር ስትሮንቲየም ብቻውን ለኛ አገር እንደማይበቃ ነው። ደጋው አብዛኛው ባዛልት ስለሆነ ከመንዝ ወደ ተጉለት የተዳረች ሴት ላትለይ ትችላለች። ከጀማ ሸለቆ፣ ከኖራ ድንጋዩና ከአሸዋ ድንጋዩ የመጣ ሰው ግን የመለየት ዕድሉ ሰፊ ነው። የቀረውን ካርቦን ይሞላል፦ ጤፍና ማሽላ ካርቦን የሚይዙበት መንገድ ከገብስና ከባቄላ የተለየ ነው። ስለዚህ ቆላ በማሽላ ያደገ ልጅና ደጋ በገብስ ያደገ ልጅ ኢናሜላቸው አንድ አይሆንም።

መንዝ ውስጥ ቅጠል ስቆርጥ ያዩኝ አዛውንት ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ለሠርግ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «የእንጀራ ልጅስ፣ ልጄ? አብሮ ያደገው፣ አብሮ የተቀበረው? እሱን ባዳ ልትሉት ነው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ከሳይንሱ ዋና ጥያቄዎች አንዱ ነው። እንግሊዝ አገር ሄዝልተን ኖርዝ በተባለ የ5,700 ዓመት መቃብር ከተመረመሩት 35 ሰዎች 27ቱ የአንድ ቤተሰብ አምስት ትውልድ ነበሩ። ከመካከላቸው አባታቸው ከዘሩ ያልሆነ፣ እናታቸው ግን ለቤተሰቡ ወንድ ሌላ ልጅ የወለደች ወንዶች ተገኝተዋል። እንደ ልጅ ተቆጥረው አብረው ተቀብረዋል።

ከእሳቸው ጋር ካወራን ወዲህ ዕቅዴን አስተካከልኩ። የቅርስ ባለሥልጣን ሲፈቅድ ለዲኤንኤ ከጆሮ ሥር ያለውን ጠንካራ አጥንት፣ ለአይሶቶፕ ደግሞ ከአንድ ሰው ሁለት መንጋጋ ጥርስ እጠይቃለሁ፦ እስከ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሠራውን የመጀመሪያውንና ከስምንት ዓመት ገደማ ጀምሮ የሚሠራውን የመጨረሻውን። ሁለቱም የሌላ አገር ከሆኑ ሰውየው የመጣው ካደገ በኋላ ነው፤ ምናልባት በጋብቻ። የመጀመሪያው የሌላ አገር፣ የመጨረሻው የዚሁ አገር ከሆነ በልጅነቱ መጥቷል። በዲኤንኤ እናቱ እዚያው ክምር ውስጥ ተገኝታ አባቱ ከሌለ፣ ከእናቱ ጋር የመጣ የእንጀራ ልጅ ሊሆን ይችላል።