«ጠፈር መቼ ትወጣለህ?» ለምትሉኝ

ከአገር ቤት በተደወለ ቁጥር ጥያቄው ይኸው ነው። ወዳጆቼ፣ እዚህ አሜሪካ የእኛ የሳተላይት ሞተር ሠራተኞች ሥራ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ትንሽ ቱቦ ማሟሸት ነው።

አዎ፣ ማሟሸት! ሆሎው ካቶድ የምትባለው ቱቦ ለሳተላይት ኤሌክትሪክ ሞተር ኤሌክትሮን ታቀርባለች። ውስጧ ባሪየም ኦክሳይድ የጠጣ ተንግስተን አለ፤ በደንብ የሚሠራው ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ነው። እንደ አዲስ ምጣድ በቫኪዩም (አየር በተመጠጠበት ዕቃ) ውስጥ ቀስ እያለች ካልሞቀች እርጥበቷ አይወጣም። ግላ ሳለ ኦክስጅን ወይም የውሃ ተን ካገኛት ትመረዛለች፤ በቱቦዋ የሚያልፈው ዜኖን ጋዝም 99.999 በመቶ ንጹሕ ይሁን። በተንግስተኑ ፈንታ የሚገባው ላንታነም ሄክሳቦራይድ ቆሻሻን ይችላል፤ ግን 1600 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፣ የታንታለም ቱቦ ከነካም ቦሮኑ ብረቱን ያደክመዋል። ስለዚህ በግራፋይት ይያዛል።

ሐበሻን የሚያስተው ቁጠባው ነው። ዜኖን ውድ ስለሆነ «ትንሽ ልቀንስለት» ይላል። ጋዙ አንሶ ከረንቱ ሲበዛ ግን ኤሌክትሮኖቹ ከአዮኖች (ኤሌክትሮን ከጎደላቸው አተሞች) የድምፅ ሞገድ ቀድመው ይጋልባሉ፤ ፕላዝማው፣ ማለትም የኤሌክትሮንና የአዮን ድብልቁ ጋዝ፣ ይታወካል። ሁከቱ ኤሌክትሮኖቹን ከተራ ግጭት በላይ ይጎትታቸዋል፣ አዮኖቹንም ያግላቸዋል። ከ50 እስከ 150 ኪሎኸርዝ የሚወዛወዝ ሌላ መዓትም ይከተላል። በኦሲሎስኮፑ ላይ የኪፐሩ (የካቶዷን ፊት የሚሸፍነው ኤሌክትሮድ) ቮልቴጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ5 ቮልት በላይ ከዘለለ ፕሉም ሞድ በሚሉት የሁከት ሁኔታ ውስጥ ናችሁ። ጉልበት ያገኙት አዮኖች ተመልሰው ኪፐሩን ይበሉታል። የናሳው የጠፈር መንኮራኩር የዲፕ ስፔስ 1 ተጠባባቂ ሞተር 30,352 ሰዓት ተፈትኖ ሲያበቃ የካቶዱ ኪፐር ፊት ተበልቶ አልቆ ነበር፤ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ይኸው ሁከት ነው። መድኃኒቱ ጋዙን መጨመር ነው፦ አዮኖቹ ከገለልተኛው ጋዝ ጋር ሲጋጩ ሞገዱ ይሞታል።

አሜሪካ የሚያሳፍረው ግን በሩ ነው። የጠፈር ሞተር በወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕግ ሥር ስለሆነ፣ ባለ ተማሪ ቪዛው ዶክተር ያለ ልዩ ፈቃድ ንድፉን እንኳ ማየት አይችልም። በዲቪ ግሪን ካርድ ያገኘው ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ይችላል። ፈረንጅ ለእውቀት ይሰግዳል ያላችሁ ማን ነው? መጀመሪያ ለወረቀት ነው! በዩኒቨርሲቲ ለኅትመት የሚሠራ መሠረታዊ ምርምር ግን በአብዛኛው ነፃ ስለሆነ፣ ለፕሮፌሰሩ ስትጽፉ ስለ ደመወዙ ሳይሆን ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከገባችሁ ደግሞ ጓንት አድርጉ፤ ካቶዷ ሳትቀዘቅዝም የቫኪዩሙን ክዳን እንዳትከፍቱ።