ኢርሞልዱ ከጎረበጠ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል

ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥ የመስሚያ መሣሪያ ሲገዛ ቤተሰብ ስለ ዋጋውና ስለ ባትሪው ደጋግሞ ይጠይቃል። በጆሮው ቅርፅ ልክ ተሠርቶ ጆሮ ውስጥ ስለሚገባው ኢርሞልድ (በአጭሩ ሞልድ) የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ድምፁን ከቱቦው ተቀብሎ ወደ ታምቡር የሚያደርሰው፣ መሣሪያው እንዳይወድቅ የሚይዘው፣ ቀኑን ሙሉ ቆዳ ላይ የሚውለው እሱ ነው። ከቆረቆረ ወይም ካፏጨ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ተነቅሎ መሳቢያ ይገባል።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው የጆሮው ልክ ሲወሰድ ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ጆሮውን በኦቶስኮፕ፣ ማለትም በጆሮ ውስጥ ማያ መሣሪያ፣ ማየት አለበት። ኩክ ካለ ይጠረጋል፤ መግል የሚፈስ ወይም ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ መጀመሪያ የጆሮ ሐኪም ይየው። ቀጥሎ ክር የታሰረበት ትንሽ የስፖንጅ ወይም የጥጥ መዝጊያ ወደ ውስጥ ይገባል። ልኩን ለመቅዳት ጆሮ ውስጥ የሚሞላው ሲሊከን ታምቡር ላይ እንዳይደርስ የሚከላከለው ይህ መዝጊያ ነው፤ ያለ እሱ ልክ ልውሰድ የሚል ካጋጠማችሁ ተነስታችሁ ውጡ። ከዚያ በሁለት ክፍል የሚመጣው ሲሊከን እንደ ሊጥ ታሽቶ በሲሪንጅ ይሞላና እስኪጠነክር 5 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል።

የጆሮ ቦይ ሁለት ቦታ ይታጠፋል። መዝጊያው ሁለተኛውን እጥፋት አልፎ ካልተቀመጠ ሞልዱ አጭር ይሆናል፤ አጭር ሞልድ ደግሞ ይወልቃል፣ ያፏጫልም። ስለዚህ ሲሊከኑ ከጆሮ እንደወጣ፣ ከወንበሩ ሳትነሱ አገላብጣችሁ እዩት። ወደ ቦዩ የገባው ጫፍ ሁለቱን እጥፋቶች ማሳየት አለበት። ላዩ ላይ የአየር አረፋ የተወው ጉድጓድ ወይም ስንጥቅ ካለ፣ ወይም የላይኛው የጆሮ እጥፋት በደንብ ካልሞላ፣ እንደገና ይወሰድ። ልኩ ከደሴ አዲስ አበባ ተልኮ የሚሠራ ከሆነ ስህተቱም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ ያንኑ ተጉዞ ይመለሳል። ሲላክም በጠንካራ ሣጥን ይሁን፤ በፌስታል ተጠቅልሎ ሻንጣ ሥር የተጨፈለቀ ልክ ጆሮውን አይመስልም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ቦዩም ቅርፁን ይለውጣል። አፍ ተዘግቶ ብቻ በተወሰደ ልክ የተሠራ ሞልድ ዝም ሲሉ ደህና ሆኖ፣ እንጀራ ሲጎርሱ ሊያፏጭ ይችላል። ከፍተኛ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ለሚያደርግ ሰው ጥርስ መሀል ማስነከሻ ተደርጎ፣ አፍ ተከፍቶ ልክ እንዲወሰድ ጠይቁ።

ከምን ይሠራ? ለልጅና የመስማት ጉዳቱ ለከፋ ሰው ሲሊከን ይሻላል። ለስላሳ ነው፣ በደንብ ይዘጋል፣ ልጅ ቢወድቅም ጆሮውን አይጎዳም። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ወይም ጣታቸው ለማይታዘዝ አረጋውያን ግን እኔ አክሪሊክ የሚባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ እመርጣለሁ። ጠንካራ ስለሆነ ሳይተጣጠፍ ተንሸራቶ ይገባል፤ የሚቆረቁር ቦታ ካለውም ባለሙያው እዚያው በደቂቃዎች ይሞርደዋል። ሲሊከንን እንዲህ በቀላሉ መሞረድ አይቻልም።

ቬንት የሚባለው የአየር ቀዳዳ ብዙዎችን የሚያሳስት ነው። የመስማት ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ቀዳዳው ወይ አይኖርም ወይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከሰፋ ድምፁ ሾልኮ ወጥቶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ተመልሶ ይገባና ያፏጫል። ወፍራሙን ድምፅ በደህና እየሰማ ቀጭኑን ያጣ ሰው ግን ሌላ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በሽመና ማሽን ጩኸት መሀል ለዓመታት የሠራ ሰው ጆሮ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በዚህ መልኩ ነው። ለእሱ ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ሞልድ ከተሠራለት የገዛ ድምፁ በርሜል ውስጥ እንዳለ ይሆንበታል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሞልዱን አድርጎ «ኢ» እያለ ድምፁን ይሳብ። ጭንቅላቱ ውስጥ ከጮኸበት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሊያስፈልገው ይችላል፤ የመስማት ምርመራው ውጤት የሰፈረበት የኦዲዮግራም ወረቀት ታይቶ ይወሰን። መግል እየመላለሰ የሚያስቸግረው ጆሮም አየር ይፈልጋል፤ ጥርቅም ያለ ሞልድ ሙቀትና እርጥበት አምቆ ያባብሰዋል። ፈሳሹ እስኪደርቅ ከተቻለ መሣሪያውን በሌላው ጆሮ ማድረግ ነው።

አዲሱን ሞልድ ስትረከቡ 20 ደቂቃ ያህል ጆሯችሁ ላይ አቆዩት፤ አውሩ፣ አላምጡ፣ ጎንበስ በሉ። ከወለቀ በኋላ ቆዳው ላይ ቀይ ምልክት ካለ ቦታው ይታይ። መጀመሪያ ላይ የባዕድ ነገር ስሜት ይኖራል፣ ይለመዳል። ሕመም ግን አይለመድም። «አብሽሩ እማማ፣ ይለምዱታል» ተብሎ የሚታለፍ ቁስል መሣሪያውን ያስጥላል።

ሞልዱን ከማስሞረዳችሁ በፊት አገባቡን አረጋግጡ፤ ለሕመም የተለመደው ምክንያት የሞልዱ የላይኛው ሹል ጫፍ ከላይኛው የጆሮ እጥፋት ውጭ መቅረቱ ነው። ቀዩ ምልክት የቀኝ፣ ሰማያዊው የግራ ነው። ወደ ቦዩ የሚገባውን ጫፍ አስቀድሙ፣ በሌላ እጃችሁ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፣ ከዚያ ሞልዱን ወደ ኋላ ትንሽ እያዞራችሁ የላይኛውን ጫፍ እጥፋቱ ሥር ሸጉጡት።

ሲያፏጭ ሞልዱን አውጡና የድምፅ መውጫ ቀዳዳውንና ቬንቱን በጣት ድፈኑ። ፉጨቱ ከቆመ የሚሾልከው ሞልዱና ጆሮው መሀል ነው፤ ወይ በደንብ አልገባም፣ ወይ ኩክ ዘግቶታል፣ ወይ ሰፍቷል። ካልቆመ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ችግሩ መሣሪያው ጋ ነው። ጥብቅ ብሎ የታሰረ ሂጃብ ወይም ሻሽም ማይክሮፎኑን ሸፍኖ ያስፏጫል፤ እዚያ ቦታ ላይ ላላ ማድረግ ወይም ሳሳ ያለ ጨርቅ መምረጥ ይበቃል። የልጅ ጆሮ ደግሞ ያድጋል። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ዓመት ቶሎ ቶሎ አዲስ ሞልድ ሊያስፈልግ ስለሚችል ወጪውን ከወዲሁ አስቡት።

ደሴ ላይ የጠዋቱ ብርድ የራሱ ጣጣ አለው። ከጆሮ የሚወጣው ሞቃት እርጥብ አየር ቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ወደ ጠብታነት ይለወጣል፤ ብርሃን ላይ ብታዩት እንደ ጤዛ ተደርድሮ ይታያል። አንዷ ጠብታ ቱቦውን ከደፈነች ድምፁ ድንገት ይጠፋል፣ ሰውም ባትሪው አለቀ ብሎ ይቀይራል። ሞልዱን ከነቱቦው ከመሣሪያው መንጠቆ ላይ አላቅቁና በትንሽ የጎማ መንፊያ ንፉት። ማታ ማታም በዚሁ መልክ አላቅቃችሁ ሞልዱን ብቻ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡ፣ ውኃውን ንፉ፣ እስኪነጋ ይድረቅ። አልኮልና ፀሐይ አይንኩት።

ቱቦው በየ3 እስከ 6 ወሩ ይቀየር። ሲደርቅና ቢጫ ሲሆን ይኮማተራል፣ አጥሮም ሞልዱን ከጆሮ ይስበዋል። አዲሱ ከመቆረጡ በፊት መሣሪያው ጆሮ ላይ ተደርጎ ይለካ፤ ከረዘመ መሣሪያው ይንጠለጠላል፣ ካጠረ ሞልዱ ይነቀላል። ቱቦው ቢወጣባችሁ ቤት ውስጥ በሱፐር ግሉ አትለጥፉት። ሲሊከን ማጣበቂያውን አይዝም፣ ወደ ውስጥ የፈሰሰው ግን የድምፁን መንገድ ይደፍነዋል።