ዝም ያለው የእግር ትርታ ተመለሰ

ጌታ የተመሰገነ ይሁን! በቤተ ክርስቲያናችን የጤና ባለሙያዎች የጸሎት ኅብረት ለአንዲት እናታችን የተደረገውን በእሳቸው ፈቃድ እንመሰክራለን።

ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የጽኑ ሕሙማን አልጋ የጠፋበት ሰሞን። እናታችን ኮቪድ ሳንባቸውን ይዞት ቤታቸው በኦክስጅን ሲሊንደር ይረዱ ነበር። በ9ኛው ቀን ትንፋሻቸው ሻል ብሎ «ተመስገን» ባልንበት ሌሊት፣ 9 ሰዓት ላይ ቀኝ እግራቸውን ድንገት ያዛቸው። ልጃቸው ቅባት አሙቃ ልታሸው ስትል፣ በጸሎት ሰንሰለቱ ተረኛ ለነበረችው ነርስ ደወለች።

«እንዳታሺው! ሙቅ ውሃም አታስነኪው። ሁለቱን እግር ዳስሺ፤ ይለያያሉ?»

«ቀኙ በረዶ ነው። ነጭ ሆኗል።»

ደም መልስ (ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር) ውስጥ ደም ሲረጋ እግር ያብጣል፣ ይሞቃል። ደም ቅዳው (ከልብ ደም የሚያመጣው ሥር) ሲዘጋ ግን ይገረጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፤ በመጨረሻም ጣት አልታዘዝ ይላል። የደነዘዘ እግር ትኩስ ስለማይሰማው በሙቅ ውሃ ይቃጠላል። ትራስ ላይ ከፍ ማድረግም የቀረችውን ጥቂት ደም ያሳጣዋል። ልጅቷ በሁለት ጣት (አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ያታልላል) የእግሩን ጀርባ፣ በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣት መሃል ባለው መስመር ወደ ላይ ዳሰሰች፤ ቀጥላም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ። ግራው ይመታል። ቀኙ ዝም።

ቫይረሱ የደም ሥርን ውስጠኛ ሽፋን ያስቆጣል፤ ጉበትም ፋይብሪኖጅን የሚባለውን ደም የሚያረጋ ፕሮቲን አብዝቶ ያመርትና ደም ለመርጋት ይቸኩላል። ሳንባ እያገገመም ቢሆን እግር ሊዘጋ የሚችለው ለዚህ ነው። ጡንቻ ያለ ደም የሚታገሠው 6 ሰዓት ገደማ ነው።

በየቤታችን ተንበረከክን። የለመንነው አንድ ነገር ነበር፦ 6 ሰዓቱ ሳይሞላ የደም ሥር ሐኪም። ሁለት ሆስፒታሎች «ባለሙያ የለንም» ብለው መለሷቸው። በሦስተኛው፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ የደም ሥር ቀዶ ሐኪሙ የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል በር ላይ ተገናኙ። እኛ ይህን አጋጣሚ አንለውም፤ የጌታ እጅ ነው።

ወዲያው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት፣ 5,000 ዩኒት ሄፓሪን፣ በደም ሥር ተሰጣቸው። ከዚያ ብሽሽታቸው ተከፍቶ የፎጋርቲ ካቴተር ገባ፤ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። የረጋውን ደም አልፎ ፊኛው ይነፋል፣ በቀስታም ይሳባል። ከልክ በላይ ከተነፋ የደም ሥሩን ግድግዳ ይጎዳል። ጥቁር ቀይ፣ ረዘም ያለ የረጋ ደም ተከትሎት ወጣ። እግሩ ሲቀላ ልጅቷ አለቀሰች።

ደም መመለሱም የራሱ አደጋ አለው። ባቱ አብጦ እንደ ድንጋይ ቢጠነክር፣ ጣትን ማንቀሳቀስም ጭንቅ ቢሆን፣ ውስጡ የታመቀው ግፊት እንዲቀንስ የጡንቻው ሽፋን በፍጥነት መቀደድ አለበት። ከተጎዳው ጡንቻ በሚወጣው ነገር ሽንት የሻይ ቀለም ከያዘ ኩላሊት አደጋ ላይ ነው። ሌሊቱን በየሰዓቱ ታዩ፤ ሁለቱም አልደረሰባቸውም። ኢኖክሳፓሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ በኪሎ 1 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ሲወጉ ቆይተው ወደ ክኒን ተዛወሩ።

ዛሬ በሁለት እግራቸው ቆመው ይዘምራሉ። የትንሿ ጣታቸው መደንዘዝ ግን ገና አልለቀቀም፤ ስለ እሱ አሁንም እየጸለይን ነው።