እትዬ "አይኔን ወሰድክብኝ" ያሉኝ ለት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ጅምላ ሱቅ የሽያጭ ፕሮግራም ሰርቼ ነበር። ድሮ የሚጠቀሙበት ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሁፍ ብቻ ያለው፣ በማውስ የማይሰራ አሮጌ ነገር ነው፣ እኔ ደሞ እንዳየሁት ይሄማ መቀየር አለበት ብዬ በፎቶ በትልልቅ በተን በቀለም ምናምን አሳምሬ አዲስ አስገባሁላቸው። የጀመርነው ሰኞ ለት ነው፣ ከሀይቅም ከኩታበርም ከወረኢሉም ነጋዴ የሚመጣበት ቀን፣ ሰልፉ በሩን አልፎ አስፋልቱ ጋ ደረሰ።

ካሸሯን ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። 11 አመት እዛች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማታ ሂሳብ ዘግተው ጠሩኝና፣ በቁጣ እንኳን አይደለም፣ "ልጄ፣ አይኔን ወሰድክብኝ እኮ" አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ነው። አሮጌው ፕሮግራም ገና አልጠፋም ነበርና እሱን ክፈቱልኝ ብዬ ጎናቸው ተቀመጥኩ። ቀኝ እጃቸው ቁጥሮቹ ላይ ነው፣ ግራ እጃቸው ብር ይዟል፣ አይናቸው ደሞ ሰውየው ላይ፣ "ልጅህ ተሻለው? አብሽር፣ ይድናል" እያሉት ጣታቸው 142 ኢንተር፣ 5 ኢንተር፣ ኤፍ 9፣ ደረሰኙ ወጣ። 142 ስኳር ነው። ስክሪኑን አንዴም አላዩትም። የኔ ፕሮግራም ግን ፎቶ ፈልጊ፣ በማውስ ንኪ፣ ገጹ ሲቀየር እንደገና ፈልጊ ይላቸዋል፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ደንበኛውን ትተው ስክሪን ሲያዩ ዋሉ።

ሌላም ነገር አገኘሁ። ገጽ ሲቀየር 300 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ተንሸራቶ የሚገባ አኒሜሽን አድርጌበት ነበር። እትዬ መቼ ይጠብቃሉ፣ ገጹ ሳይደርስ ቁጥሩን ጀምረዋል፣ 1 ጠፋችና 42 ብቻ ገባ፣ 42 ክብሪት ነው፣ ስኳር የገዛው ሰውዬ የክብሪት ደረሰኝ ይዞ ሊወጣ ነበር። አሮጌው እንዲህ አያደርግም፣ ቀድመው የተጫኑትን ሁሉ ይዞ በተራ በተራ ያስገባዋል። አኒሜሽኑን ያን ለት ማታ አወጣሁት።

ግን አሮጌው ይሻላል ማለት አይደለም። አዲስ የተቀጠረ አንድ ልጅ ነበር፣ እዛ ጥቁር ስክሪን ፊት ሲቀመጥ እጁን ኪቦርዱ ላይ ማሳረፍ ራሱ ይፈራል፣ ብልጭ ድርግም የምትል መስመር ብቻ ናት ያለችው፣ ከየት ይጀምር?

መጀመሪያ ያሰብኩት ሁሉም የሚያስበውን ነው፣ "ቀላል" እና "ሙሉ" የሚባል ሁለት አይነት ገጽ። አልሰራም። ልጁ ወራት ሙሉ "ቀላል" ላይ ቀረ፣ ከዛ የሚያሻግረው ምንም ነገር አልነበረማ። እትዬን ሲጠይቅ ደሞ የሳቸው ስክሪን ሌላ ነው፣ "እኔ ጋ እንደዚህ የሚል የለም" ይሉታል። ሁለቱን ያራራቅኳቸው እኔ ነኝ።

አሁን ያለው አንድ ገጽ ነው። ከላይ አንድ መጻፊያ ሳጥን አለ፣ ሁሌ ዝግጁ ነው፣ ኮድም ስምም ይቀበላል። ልጁ ስኳር ብሎ ሲጽፍ ስሙ ጎን 142 ተጽፎ ያያል፣ ነገም ያያል፣ ከነገ ወዲያም፣ ሶስተኛው ሳምንት ላይ ማንም ሳይነግረው 142 ብሎ መታ። በተኖቹም ላይ ቁልፋቸው ተጽፏል፣ "አትም" የሚለው ላይ ኤፍ 9። (ስም ፍለጋው ላይ ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን አንድ አድርጎ እንዲያይ ማድረግ ግድ ነው፣ ሳሙናን በንጉሱ ሠ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፣ "አልተገኘም" ከተባለ ሱቁ ውስጥ የለም ብሎ ደንበኛ ይመልሳል።)

ያኮብ ኒልሰን የሚባል የኮምፒውተር አጠቃቀም ባለሙያ በፈረንጆቹ 1994 ያወጣቸው 10 የኢንተርፌስ (ሰው ፕሮግራሙን የሚያዝበት ገጽ) መርሆች አሉ፣ ሰባተኛው ለለመደው ሰው ጀማሪው የማያየው አቋራጭ ይኑረው የሚል ነው። ሀሳቡን እወደዋለሁ፣ "የማያየው" የሚለው ላይ ግን አልስማማም፣ ልጁ ካላየው በምን ይማራል?

ሌላው ደሞ የለመደን እጅ አለመንካት ነው። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2007 ላይ የድሮዎቹን ሜኑዎች አንስቶ ሪበን (ከላይ በተኖች የተደረደሩበትን ሰፊ መስመር) ሲያመጣ ኤክሴል ላይ የድሮ አቋራጮቹን አልጣላቸውም፣ አልት ከዛ ኢ፣ ኤስ፣ ቪ ብሎ ቫልዩ ብቻ (ፎርሙላውን ትቶ ውጤቱን) ፔስት የሚያደርግ አካውንታንት እዚሁ ደሴ አውቃለሁ፣ ኢዲት የሚባለው ሜኑ ከጠፋ ስንት አመቱ፣ የሱ ጣት ግን አሁንም ይሰራል። እኔም 142ን ስኳር፣ ኤፍ 9ን ማተሚያ አድርጌ እንደነበሩ ተውኳቸው።

"እርግጠኛ ነዎት?" የሚለውንም አብዛኛውን አወጣሁት። እትዬ ሳያነቡት ኢንተር ይሉታል፣ ልጁ ደሞ ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል፣ ለሁለቱም የሚሆነው ኮንትሮል ዜድ ነው፣ ተሳስተህ ከሆነ መልሰው፣ አለቀ።

የዱቤው ገጽ ግን ገና ነው። እትዬ ዱቤ አሁንም በደብተር ነው የሚይዙት፣ አውራ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አድርገው አንዴ ሲገልጡት የሰውየው ገጽ ላይ ነው የሚያርፉት። በዚህ ሳምንት ምንም ኮድ አልጻፍኩም፣ ጎናቸው ተቀምጬ እሱን እንዴት እንደሚያደርጉት እያየሁ ነው።